ገመዱን የዘረጋው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 2023 ኖርዌያዊቷ ክሪስቲን ሃሪላ እና ኔፓላዊው ቴንጄን ሼርፓ ፓኪስታንና ቻይና ድንበር ላይ ካለው የኬ2 ተራራ አናት ደረሱ። ከፍታው 8,611 ሜትር ነው። በዓለም ላይ እሱን የሚበልጠው ኤቨረስት ብቻ ነው። ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑት የምድራችን ተራሮች 14 ናቸው፤ ሁለቱ ሰዎች አሥራ አራቱንም በ92 ቀናት ወጥተው ጨረሱ። ዜናው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ተራራ ላይ፣ ከአናቱ ጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ አንድ ሰው እየሞተ ነበር።

መሐመድ ሐሰን ይባላል። የ27 ዓመት ፓኪስታናዊ፣ የሦስት ልጆች አባት ነበር። ከፍታ ላይ ለተራራ ወጪዎች ጓዝ በመሸከም ነበር የሚተዳደረው። ከነሃሪላ ቡድን አልነበረም፤ የተቀጠረው በሌላ ቡድን ነው። የወደቀው "የጠርሙስ አንገት" በሚባለው፣ ግዙፍ የበረዶ ግንብ ከላይ በተንጠለጠለበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ለዚያ ከፍታ የሚሆን ልብስና የኦክስጅን መሣሪያ እንዳልነበረው በወቅቱ ተዘግቧል። በድሮን የተቀረጸ ምስል ደግሞ ወደ አናቱ የሚጓዙ ሰዎች እሱን እየተሻገሩ ሲያልፉ አሳየ።

ቁጣው በአብዛኛው ያረፈው ሃሪላ ላይ ነበር። እሷ ቡድኗ ሊያድነው መሞከሩን፣ ካሜራ ያዡም ኦክስጅን እየሰጠው አብሮት መቆየቱን ተናግራለች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። አንዲት ሴት ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለዚያ ቦታ የሚሆን ልብስ የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ እዚያ ምን ይሠራ ነበር?

መልሱን ለማግኘት ክብረ ወሰኑ እንዴት እንዲህ እንዳጠረ ማየት ይበቃል። አሥራ አራቱን ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የጨረሰው ጣሊያናዊው ራይንሆልድ ሜስነር ነው። በ1970 ጀምሮ በ1986 ሲጨርስ 16 ዓመት ፈጅቶበታል፤ የታሸገ ኦክስጅን ግን አልተጠቀመም። በ2019 ኔፓላዊው ኒርማል ፑርጃ ስድስት ወር ከስድስት ቀን አደረገው። ከዚያ 92 ቀን መጣ።

የሰው ሳንባ በእነዚህ ዓመታት አልተለወጠም። የተለወጠው አካሄዱ ነው። ዛሬ የታሸገ ኦክስጅን አለ፤ ከአንዱ ተራራ ግርጌ ወደ ሌላው የሚያደርስ ሄሊኮፕተር አለ፤ የተሻለ የአየር ትንበያ አለ። ከሁሉም በላይ ግን አስቀድሞ የተዘረጋ ገመድ አለ። ኤቨረስት ላይ በየዓመቱ፣ ደንበኞች ከመውጣታቸው በፊት፣ ኔፓላውያን ሠራተኞች የኩምቡን የበረዶ ስንጥቆች በመሰላል ያገናኛሉ፤ እስከ አናቱም ገመድ ያስራሉ። ድንኳኑን፣ ምግቡንና የኦክስጅን ጠርሙሱን ተሸክመው ይመላለሳሉ። ደንበኛው ጥቂት ጊዜ የሚያልፍበትን አደገኛ ቦታ እነሱ ደጋግመው ይረግጡታል።

ይህ የወጪዎቹን ብርታት አያሳንስም። በዚያ ከፍታ አንድ እርምጃም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ የመጣው አደጋው ስለጠፋ ሳይሆን፣ የአደጋው ትልቁ ድርሻ ትንሽ ወደሚከፈለው ሰው ስለተሻገረ ጭምር ነው።

ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 በግልጽ ታይቷል። በሚያዝያ ወር ኩምቡ ላይ የወረደ የበረዶ ናዳ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን ገደለ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መጀመሪያ ያቀረበው 40,000 የኔፓል ሩፒ፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ነበር። ሠራተኞቹ ተቆጥተው ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት የኤቨረስት ጉዞም በኔፓል በኩል ተቋረጠ። ተራራው ያለ እነሱ እንደማይወጣ ዓለም ያን ጊዜ አየ።

አሁን ወደ ቴንጄን እንመለስ። ሃሪላ ክብረ ወሰኑ የሁለታችን ነው ብላ ነበር፤ በሁለቱም ስም ተመዝግቧል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ።

ከአሥር ሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 7 ቀን፣ ቴንጄን ቲቤት ውስጥ ሺሻፓንግማ ተራራ ላይ ነበር። ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች በየፊናቸው አሥራ አራቱን በመጨረስ ከአገራቸው ሴቶች የመጀመሪያዋ ለመሆን ይሽቀዳደሙ ነበር። ለሁለቱም የቀረው ይህ ተራራ ብቻ ነው። ቴንጄን የአንደኛዋ መንገድ መሪ ነበር። የበረዶ ናዳ ወረደ። ሁለቱ ሴቶችና ሁለቱ ኔፓላውያን መሪዎቻቸው ሞቱ። ቴንጄን 35 ዓመቱ ነበር።

የዓለም ክብረ ወሰን በስሙ የተመዘገበለት ሰው፣ ሦስት ወር ሳይሞላው የሌላ ሰው ክብረ ወሰን እየመራ ሞተ። ለብዙ ደንበኞች ክብረ ወሰን የጉዞ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ፣ ስፖንሰር፣ ንግግር ይከተላል። ለእሱ ግን ተራራው እንጀራው ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ኤቨረስትን 31 ጊዜ የወጣው ካሚ ሪታ ሼርፓም የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ የሚወጣው ለክብረ ወሰን ሳይሆን ሥራው ስለሆነ ነው።

"ማን አስገደዳቸው?" የሚል አይጠፋም። ደግሞም እውነት አለው። የአንድ መሪ የወቅት ገቢ አብዛኛው የአገሩ ሰው በዓመት ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ሥራው ይቅር ቢባል መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱው ናቸው። ስለዚህ መፍትሔው መከልከል አይደለም። ኔፓል በ2025 የኤቨረስትን የፈቃድ ክፍያ ከ11,000 ወደ 15,000 ዶላር አሳድጋለች። ክፍያ ማሳደግ ብቻውን ግን የማንንም ሕይወት አያድንም። ፈቃድ የሚሰጠው አገር ሁሉ ደንበኛው የሚለብሰውን ልብስ ሠራተኛውም እንዲለብስ፣ ሳይሠለጥን ወደ ላይ እንዳይላክ፣ ቢሞት ልጆቹን የሚያሳድግ መድን እንዲገባለት ማስገደድ ይችላል። አንድን ሰው ወደ 8,000 ሜትር ለማውጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በሚከፈልበት ሥራ ይህ ወጪ ከአቅም በላይ አይደለም።

92 ቀን አንድ ቀን በ80 ወይም በ70 ይሰበር ይሆናል። ያ ዜና ሲመጣ ከቀኑ ብዛት ጋር ሁለት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ገመዱን የዘረጋው ማን ነው? እሱስ በሰላም ቤቱ ገባ?