ባሕር ዛፍ በአገሩ

አስፋልቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና በይሉኝታ ነው የሚተላለፍበት። ግራና ቀኙ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ በግ፣ ከበጉ ማዶ ደግሞ ሌላ በግ። ከፊት ለፊቴ አቧራ የለበሰ ፒክአፕ ይመጣል። ልንተላለፍ ጥቂት ሲቀረን ሹፌሩ እጁን ከመሪው ሳያላቅቅ አመልካች ጣቱን ብቻ ቀና ያደርጋል። ሄደ። ሰላምታው ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ሰሞን ጎማዬ ተንፍሶ የሚጠቁመኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወርጄ አይቻለሁ። እኛ ልጆቹ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል ብለን ሩብ ሰዓት የምንፈጅበትን ጉዳይ ሰውዬው በአንዲት ጣት ገላገለው። ደንቡ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሜልበርንን ከሲድኒ በሚያገናኘው በትልቁ የሂዩም አውራ ጎዳና ላይ ጣት አይነሣም። ትልልቅ ከተማ ውስጥም አይነሣም፤ እንደ እብድ ያስቆጥራል። ከአውራ ጎዳናው ተገንጥለህ የበግ ሽታ ሲቀበልህ ግን ማንሣት ግዴታ ነው። ሳታነሣ ያለፍክ እንደሆነ ቅዳሜ እግር ኳስ ሜዳ ላይ «ያ አዲሱ ሰውዬ ምን ነካው?» ትባላለህ። እኔ ተብያለሁ።

የምኖረው በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ ከመሬይ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ነዋሪዋ ጥቂት መቶ ነው፤ ስሟን ካነሣሁ ስለ ማን እንደማወራ ሁሉም ያውቃል። ከሜልበርን የሦስት ሰዓት መንገድ ናት። እንጀራ ሲያምረኝ እዚያው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ድረስ ነድቼ እገዛና፣ እንጀራው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መኪናውን በሽታው እየሞላ፣ ሁለታችን እንመለሳለን። ያመጣኝ ሥራ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። የማውቀው ዛፍ ግን ነበር።

ባሕር ዛፍ ብለን ስም ያወጣንለት ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። እዚህ ግን ከባሕር ማዶ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ቤቱ ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ዓለምን መቆርቆር ጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ፈጥኖ በቀል ዛፍ ነው ከተማዋን ከመነቀል ያተረፋት። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው የታዝማኒያ ተወላጅ ነው፤ አበባው ዛሬም የክፍለ ግዛቷ አርማ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ደግሞ እነሆ ደጄ ላይ፣ በመሬይ ዳርና ዳር ተኮልኩሎ ይኖራል።

መጀመሪያ ሳየው ግን አላወቅሁትም። እኔ የማውቀው ባሕር ዛፍ ጎረምሳ ነው። ቀጥ ብሎ ይመዘዛል፣ በጥቂት ዓመት አጣና ይሆናል፣ ቋሚ ይሆናል፣ ይቆረጣል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እሱም ሳያረጅ ይቆረጣል። ባሕር ዛፍ ሲሸብት አይቼ አላውቅም። እዚህ ያረጃል፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ከዚያም በላይ ዓመት። የአንዳንዱን ግንድ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይከበውም። ቅርንጫፉ ቁርጥማት እንደያዘው ጣት የተጣመመ ነው። ሆዱ ተቦርቡሮ ዋሻ ሆኗል። ዋሻው እስኪከፈት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ አንዴ ከተከፈተ ግን ተከራይ አያጣም፦ በቀቀን፣ ጉጉት፣ የሌሊት ወፍ፣ ቆዳውን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ከዛፍ ዛፍ የሚንሳፈፍ ትንሽ እንስሳ። ለዚህም ነው የወደቀ ግንድ እንኳ እንዳሻህ የማይለቀመው። ከመንግሥት ደን ማገዶ የሚለቀመው በተፈቀደ ቦታ፣ በተፈቀደ ወቅት፣ አንድ ሰው በቀን ከ2 ሜትር ኩብ ሳይበልጥ ነው። ይህን ደንብ ሲነግሩኝ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ፊቴ ድቅን አሉ፤ ሁለት ሜትር ኩብ በምን ጀርባ!

የከተማችን እግር ኳስ ሜዳ ዳር አንድ እንዲህ ያለ አዛውንት ዛፍ አለ። ግንዱ ላይ ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ታንኳ የመሰለ ጠባሳ ይታያል። ታንኳ የመሰለው ታንኳ ስለወጣበት ነው። የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች ቅርፊቱን በአንድ ቁራጭ ፈልቅቀው ታንኳ ይሠሩበት ነበር፤ ዛፉን ሳይገድሉት። ከዚያ ወዲህ ቅርፊቱ ከግራም ከቀኝም ቁስሉን ሊከድን እየተሳበ መጥቷል። ጠርዙ ወፍራም ከንፈር ይመስላል። ጣቴን ሰድጄ ነክቼዋለሁ፤ ውስጡ ግራጫና እንደ አጥንት የለሰለሰ ነው፤ ጉንዳን ይመላለስበታል። ከእኛ ቁልቁል በወንዙ ተፋሰስ የሚገኙት ጥንተ ነዋሪዎች፣ ዮርታ ዮርታዎች፣ መሬይን ዱንጋላ ይሉታል። በእነሱ አገር ያለው የባርማ ደን በዓለም ትልቁ የቀይ ባሕር ዛፍ ደን አካል ነው።

ዛፉ ጎርፍ ይወዳል፤ ዘሩ የሚበቅለው ጎርፍ መጥቶ ሲሸሽ ነው። ችግሩ ወንዙ ወቅት ተቀያይሮበታል። ድሮ በክረምትና በፀደይ ይሞላ፣ በበጋ ይጎድል ነበር። አሁን ከአልበሪ ከተማ በላይ የሂዩም ግድብ አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1936 ያለቀ፣ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ። (የእኛው የዓባይ ግድብ 74 ቢሊዮን እንደሚይዝ ስናገር በትሕትና ፈገግ ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።) የክረምቱ ውኃ እዚያ ይታገድና በበጋ ለመስኖ ይለቀቃል። ግድቡ ከፍ ሲደረግ ታላንጋታ የምትባል ከተማ በ1950ዎቹ ቤቶቿ መኪና ላይ ተጭነው ሌላ ቦታ ሰፈረች። በሐይቁ ውስጥ የሰጠሙት ባሕር ዛፎች ደርቀው፣ እጃቸውን እንደ ዘረጉ፣ እስካሁን ቆመዋል። ሰኔ ላይ ብርድ፣ ታኅሣሥ ላይ ሐሩር ሆኖብኝ ለተደናገርኩት ለእኔ ወንዙ ባልንጀራዬ ነው።

ውኃው ደግሞ ይሸጣል። መሬቱን ትሸጥና ውኃውን ታስቀራለህ፤ ውኃውን ትሸጥና መሬቱን ታቅፈህ ትቀራለህ። እኛ ዘንድ ተራ የሚያወጣው የውኃ አባት ነው፤ ሽማግሌ ነው፤ ትጣላዋለህ፣ ትታረቀዋለህ። እዚህ ዋጋው እንደ ቡና ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከ2012 ጀምሮ ለወንዙ ራሱ ውኃ የሚመልስ የተፋሰስ ዕቅድ አለ፤ ስለዚህ ዕቅድ ቡና ቤት ውስጥ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ባታወራ ይሻላል። አንዱ ወንዙ እየሞተ ነው ይልሃል፤ ሌላው ወተት አላቢዎቹ እየሞቱ ነው ይልሃል። ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ቢራውንም አንዱ ነው ለሌላው የከፈለው።

የዚህ አገር ምርጫ ቅዳሜ ነው፤ ግዴታም ነው። የፌዴራሉ ምርጫ ከ1924 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ዛሬ 20 ዶላር ይቀጣል። ወረቀቱ ላይ አንዱን መርጠህ አትወጣም፤ ተወዳዳሪዎቹን በሙሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ በቁጥር ትደረድራለህ። የምትጠላውም ቢሆን ቁጥር ይገባዋል። እኔ ከአንደኛው ይልቅ የመጨረሻውን ስጽፍ ነው እርሳሱን ጫን የማደርገው።

ከጣቢያው ደጅ የትምህርት ቤቱ ወላጆች ቋሊማ ይጠብሳሉ። በአንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ተጠቅልሎ፣ ሽንኩርት ተጨምሮበት ይሸጣል፤ የዴሞክራሲ ቋሊማ ይባላል፤ በ2016 የአውስትራሊያ የዓመቱ ቃል ተብሎ እስከመመረጥ ደርሷል። የእኔ ጣጣ ግን እዚህ ይጀምራል። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ምርጫ በየአራት ዓመቱ በኅዳር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው፤ በፈረንጁ ማለቴ ነው። ይህ ቀን ምንጊዜም ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል። በ2018 ጭራሽ ጾሙ የገባ ዕለት ዋለ። በ2022 ተራዬ ደርሶ «ሽንኩርቱን ብቻ» አልኩ። ሰውዬው ሳይገረም ዳቦው ላይ ዛቀልኝ። ሽንኩርቱ የሚያብለጨልጨው በቋሊማው ስብ መሆኑን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ደረቁን የዳቦ ጫፍ ቆንጥሬ ቀሪውን ለአንድ ውሻ ሰጠሁ።

ጎረቤቴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እዚህ ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው፤ እሳቸውም በስሜ ጥራኝ ብለውኛል። እንግሊዝኛው አንቱታ የለውም፤ ስለዚህ ባፌ በስማቸው እየጠራሁ በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ። የምርጫ ክልላችን ኢንዳይ ይባላል። በ2012 ጥቂት ነዋሪዎች ተነሥተው በየማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው እያሰባሰቡ፣ «ምን ጎደላችሁ? ምን ዓይነት እንደራሴ ትፈልጋላችሁ?» እያሉ መጠየቅ ያዙ። ጎረቤቴ ዐሥር ሰው ጋብዘው ኬክ ጋግረዋል። የተባለው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ነገር ነበር ይሉኛል፦ የስልኩ ኔትወርክ ኮረብታው ጋ ይጠፋል፣ ባቡሩ ይዘገያል። በ2013 ካቲ ማክጋዋን በግል ተወዳድረው በ439 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። በ2019 እሳቸው ሲለቁ ነርስና አዋላጅ የነበሩት ሔለን ሄይንስ፣ እሳቸውም በግል፣ ተተኩ። ጎረቤቴ ቁጥሩን ሲጠሩ «አራት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ» ብለው ለዘጠኟ ድምፃቸውን ያጠብቃሉ። አንዷን ከቤታቸው ያወጧት ይመስለኛል። ማዶ ያለው ከብት አርቢ ግን አይሰማም፤ የግል ተወካይ ድልድይ አያሠራም ባይ ነው። ድልድዩ አሁንም አልተሠራም፤ ሁለቱም ይህንኑ ለየራሳቸው ክርክር ማስረጃ ያደርጉታል።

ወደ አዛውንቱ ዛፍ ልመለስ። ባለፈው ጥር፣ ነፋስ የሚባል በሌለበት ሐሩር ከሰዓት፣ በሬ የሚያህል ቅርንጫፍ ጥሎ የተመልካች ወንበር አደቀቀ። ቀይ ባሕር ዛፍ ጠባዩ ነው፤ በጸጥታ መሃል ይጥላል፤ ልምድ ያለው ሰው ከሥሩ ድንኳን አይተክልም። ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም። ይቆረጥ፣ አይቆረጥ ተባለና ስብሰባ ተጠራ። ማስታወቂያው ሳህን ይዛችሁ ኑ ይላል። ሳህን ያነሳቸው መስሎኝ ሁለት ሳህን አጥቤ ወሰድኩ። ለካ ሳህን ማለት ምግብ የሞላበት ሳህን ኖሯል! የገጠር ሴቶች ማኅበር ስኮን የሚባለውን ትንንሽ ዳቦ ደርድሯል፣ ማንቆርቆሪያው ይንጣጣል፣ እኔ ባዶ ሳህኖቼን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ጎረቤቴ ተቀብለው ስኮን ደረደሩባቸውና ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

ክርክሩ ጦፈ። የልጆች እናት ተነሥታ የሚወድቀው በልጄ ላይ ቢሆንስ አለች፤ መልስ የለውም። ጎረቤቴ፣ ጠባሳው ከዚህ አዳራሽ በዕድሜ ይበልጣል፣ ወንበሩ ይነሣ እንጂ ዛፉ የት ይሂድ አሉ። ከብት አርቢው፣ ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸው ዛፍ እንድናመልክ የሚፈልጉት አለ። አንድ ጎልማሳ፣ እኔ ከተማ ረግጬ አላውቅም ብሎ መለሰለት። እጅ ማውጣት ሊጀመር ነው። ያኔ ከአንዱ ወገብ ላይ ፔጀር ጮኸ፤ ቀጥሎ ከሌላው፤ ቀጥሎ ከአምስት ቦታ። የሣር እሳት።

የእሳት አደጋው ሠራተኞች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 መግቢያ በአገሪቱ ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በተቃጠለበት በዚያ በጋ፣ የላይኛው መሬይ ሲነድ፣ ከሱቅና ከማለቢያ ቤት ወጥተው መኪና ላይ የወጡት እነዚሁ ናቸው። አሁንም ወንበር እየተገፋ ተነሡ። የልጆቹ እናት ቁልፏን ለጓደኛዋ ወርውራ ሮጠች፤ የእሳት አደጋ መኪናው ሹፌር እሷ ናት። ከብት አርቢው ከጎኗ ገባ። ከተማ ረግጬ አላውቅም ያለውም ከኋላ ተንጠለጠለ። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ስኮኑና እኔ ቀረን። ድምፅ መስጠት አይቻልም፤ ግማሹ መራጭ መኪና ላይ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። እሳቱ ከሣሩ አልፎ መንገድ ዳር ያለ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይዞ ነበርና በሩ ሲከፈት ጢሱ ቀድሟቸው ገባ። እናቴ ምጣድ ጥዳ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእፍኝ በእፍኝ እየማገደች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ታየችኝ። ሰዎቹ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ውኃ እየጠጡ፣ አይናገሩም። ጎረቤቴ ዘወር ብለው አዩኝና «ምን ሆነሃል? እያለቀስክ ነው ወይስ እየሳቅክ?» አሉኝ።

«እንጀራ ሸተተኝ» አልኳቸው።

እንጀራ አያውቁም። ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ስኮን ሰጡኝ።

ዛፉ እንደቆመ ነው፤ ወንበሩ ብቻ ተነሥቷል። ድምፁ ለፊታችን ሐሙስ ተላልፏል። ማስታወቂያው አሁንም ሳህን ይዛችሁ ኑ ይላል። ድፎ ልደፋ አስቤያለሁ፤ ሁዳዴ ስለሆነ ቅቤ አይገባበትም። የቸገረኝ ኮባው ነው። ከብት አርቢው ጓሮው ውስጥ ሙዝ እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ዛሬ መንገድ ላይ ስንተላለፍ ላስቆመው ብዬ እጄን በሙሉ ባወጣ፣ ጣቱን ቀና አድርጎ አለፈኝ።