ወንዱስ ዘንድሮ ይመጣ ይሆን?

ማርች ሲጋመስ የኛ ቤት ወሬ ሁሉ ስለ አንድ ወፍ ይሆናል። ሌላው አበሻ ስለ ታክስ ሲጨነቅ እኛ ሦስት ሴቶች ግን ከሺፍት ወደ ሺፍት ባገኘናት ሰዓት፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ከዊልሰን ድልድይ ዝቅ ብለን ፖቶማክ ዳር እንቆማለን። የምናንጋጥጠው ለጀልባ ምልክት ወደተተከለ ምሰሶ ነው። አናቱ ላይ ጭራሮ፣ ገመድና የተቀዳደደ ፌስታል የተከመረበት ጎጆ አለ (ፌስታሉን ማን እንዳስለመዳቸው እንጃ!)። ባለቤቶቹ ኦስፕሬይ ይባላሉ። እኛ ‹‹ዓሣ በል ጭልፊት›› ብለን አበሻ አድርገናቸዋል።

ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተማረች አለችና (ማን እንደሆነች አንናገርም) ነገሩን አጣርተናል። አገር ቤት ዝዋይ ላይ ኦስፕሬይ ያየ አንባቢ ካለ፣ ያ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ የመጣ ዘመዳቸው ነው። የኛዎቹ የሚከርሙት ደቡብ አሜሪካ ነው። ባልና ሚስቱ ደግሞ አብረው አይሄዱም። ሴቷ ቀድማ ትነሳለች፤ ወንዱ ልጆቹን ሲያበላ ቆይቶ ይከተላል፤ እዚያም በየፊናቸው ነው የሚኖሩት። ግማሽ ዓመት ሳይተያዩ! ስልክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ከዚያ በማርች እዚያችው ምሰሶ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ለሁለታችን ጨዋታ ነው። ለሦስተኛዋ አይደለም። ባሏ አዲስ አበባ ነው፤ በሠርጋቸው ማግስት የተጀመረው ፕሮሰስ ስንት ማርች አሳለፈ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሴቷ መጣች። ሦስት ቀን፣ ሳምንት… ወንዱ የለም። በአሥረኛው ቀን ሌላ ወንድ ዓሣ አንጠልጥሎ ከች አለ። እኛም ያነበብነውን ዘረገፍነው፦ ኦስፕሬይ ታማኝነቱ ከትዳር ጓደኛው ይልቅ ለጎጆው ነው፣ የእንቁላል ጊዜ እንዳያልፍ የዘገየውን ብዙ አይጠብቅም፣ ወዘተ። ጓደኛችን ዓይኗን ከምሰሶው ሳትነቅል ‹‹በቃ?›› አለች። ቤት እስክንገባ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጎጆው ላይ ሁለት ወንዶች ሲባረሩ አየን። አንዱ ቀረ። የትኛው? እግራቸው ላይ ቀለበት የለ፤ ለኛ መልካቸው አንድ ነው። እሷ ግን ‹‹የድሮው ነው፤ አምና የግራ ክንፉ ላይ አንድ ላባ ጎድሎት ነበር፣ አሁንም ጎድሎታል›› ብላ ድርቅ አለች። ላባ እኮ በየጊዜው ይቀየራል ልንላት አፋችን ላይ ደርሶ ዋጥነው።

ለነገሩ እነዚህ ወፎች ጭራሽ መኖራቸው ራሱ ይገርማል። እናቶቻችን ለወባ ሲረጭ የሚያውቁት ዲዲቲ እዚህ በየእርሻው ይረጭ ነበር። በዓሣው በኩል ወፎቹ ውስጥ ገብቶ የእንቁላላቸውን ቅርፊት አሳሳው፤ እናት ስትታቀፈው ይሰበራል። አሜሪካ በ1972 ስትከለክለው፣ ፖቶማክ በሚገባበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የቀሩት ወደ 1,450 ጥንዶች ነበሩ። ዛሬ ከ8,000 እስከ 10,000 ይገመታሉ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ከባሕረ ሰላጤው ታች፣ ውሃው ጨዋማ በሆነበት፣ ሜንሄደን የሚባለው ቅባታም ዓሣ ለጫጩቶቹ አልበቃ ብሏል። ሞብጃክ በተባለው ቦታ በ2023 ከመቶ ጎጆ ለመብረር የበቁት ሦስት ጫጩቶች ገደማ ብቻ ነበሩ። ዓሣ አጥማጆቹና ተመራማሪዎቹ በዚሁ እየተካሰሱ ነው፤ እኛ ከተመራማሪዎቹ ጋር ነን። የኛ ወንዝ ውሃው ጨው አልባ ነውና ጥንዶቹ ሌላ ዓሣ አያጡም።

ዘንድሮ ሁለቱም በአራት ቀን ልዩነት ገቡ። አሁን ሴቷ ጎጆው ውስጥ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ታቅፋለች ማለት ነው። ከ40 ቀን ላላነሰ ጊዜ ቀላቢዋ እሱ ነው። ጓደኛችን ቅዳሜ ብቻዋን ሄዳ ነበር። ‹‹ምን አየሽ?›› አልናት።

‹‹ዓሣ አመጣላት›› አለች፤ ‹‹ጭንቅላቱን ግን መንገድ ላይ በልቶታል።››