ቀኝህ ያው ቀኝህ ነው

መቼም “ነዳጅ ላይ ነው የምንሠራው” ስንል አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ቶሎ የሚታያቸው ማደያ ነው። “ማደያው የት አካባቢ ነው?” ብለው የጠየቁንም አሉ። የኛ ነዳጅ ግን ሰሜን ባሕር መሐል ነው ያለው። ከስኮትላንዷ አበርዲን በሄሊኮፕተር እንነሳለን፣ አንድ ሰዓት ያህል ውኃ ብቻ እያየን እንሄዳለን፣ ከዚያ በብረት እግሮች የቆመ መንደር ላይ እንወርዳለን። የአንዳችን እናት ይህን ስትሰማ “አውቶቡስ የለም ወይ ልጆቼ?” ብላለች። የለም እማዬ።

ሰሞኑን አንድ ታናሽ ወንድማችን ደወለ። እዚሁ ባሕር ላይ ሥራ አግኝቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሥልጠና ይገባል። ድምፁ ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። “እናንተዬ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም። ብነግራቸው ሥራውን ይከለክሉኛል? ዝም ልበል?”

ይኼ “ዝም ልበል?” ነው ያስጻፈን። እኛ የደጋ ልጆች ነን። ከውኃ ጋር ያለን ትውውቅ ቢበዛ ከሶደሬ አያልፍም። “አላውቅም” ማለትንም እንደ ነውር እያየን ነው ያደግነው፤ ክፍል ውስጥ “ገብቷችኋል?” ስንባል ያልገባንም ጭምር በአንድ ድምፅ “አዎ!” ነበር መልሳችን። ያ “አዎ” ፈተና ላይ ቢበዛ ኤፍ ያስገኛል። ውኃ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለልጁ ያልነው ይህን ነው፦ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ገና ልብስ ሳትቀይር፣ ለአሠልጣኙ ንገረው። ሥልጠናው ዋናተኛ አይፈልግም። ላይፍ ጃኬት ትለብሳለህ፣ ጠላቂዎች አጠገብህ አሉ። ዋና እንደማይችል የሚያውቁት ሰው ላይ ዓይናቸውን ይጥላሉ፤ ዝም ያለውን ግን ከሌላው በምን ይለዩታል? የሚያለማምዱህ ከተዘጋ ነገር ውስጥ መውጣትን እንጂ መዋኘትን አይደለም።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነው፤ ወረቀቱ ለአራት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። እሳት ማጥፋቱም የመጀመሪያ ርዳታውም አለበት፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ገንዳው ነው። የሄሊኮፕተር ሆድ በሚመስል ሳጥን ውስጥ በቀበቶ ታስረህ ወደ ውኃ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ሳጥኑ ይገለበጣል። ለምን ይገለበጣል ብትሉ፣ እውነተኛው ሄሊኮፕተርም እንዲሁ ስለሚያደርግ ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን ከአናቱ ላይ የተሸከመ ፍጡር ነው። ውኃ ላይ ሲያርፍ የሚያንሳፍፉት ፊኛዎች አሉት፤ ማዕበሉ ከበረታ ግን ክብደቱ ከላይ ነውና ይዞርና ሆዱን ወደ ሰማይ ያደርጋል።

እዚህ ላይ እግርህ ላይ፣ ራስህ ታች ነው። ውኃው በአፍንጫህ ሽቅብ ይገባል፣ ዓይንህም እምብዛም አያይም። አእምሮ የቱ ሰማይ የቱ ምድር እንደሆነ ይጠፋበታል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። መስኮቱ በቀኝህ ከነበረ አሁንም በቀኝህ ነው። ቀበቶህ እስካልተፈታ ድረስ ቀኝህ ያው ቀኝህ ነው።

ስለዚህ ውኃው ሳይመጣ አንድ እጅ መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ ሌላው የቀበቶው መፍቻ ላይ ይሆናል። መገለባበጡ እስኪቆም ትጠብቃለህ። መስኮቱን ገፍተህ ትጥላለህ። ቀበቶው መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ታስሮ ውኃ ውስጥ መቆየትን ማን ይወዳል? ነገር ግን ያልታሰረ ሰው መስኮቱን ሲገፋ የሚገፋው ራሱን ወደ ኋላ ነው። የታሰረውን ወንበሩ ይደግፈዋል። ጠርዙን የያዘው እጅ ሳይለቅ ቀበቶውን ትፈታለህ፣ ያው እጅም ስቦ ያወጣሃል።

ይህን እቤት መለማመድ ይቻላል። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እጃችሁ ብቻ ይሂድ። የመኪና ቀበቶ የለመደ እጅ ወደ ዳሌ ይሮጣል፤ የሄሊኮፕተሩ መፍቻ ያለው ግን ሆድ ላይ ነው። እኛ በመቀነት ታስረን ወጥ ቤት ውስጥ ሞክረነዋል (መጋረጃውን ዘግተን)።

ላይፍ ጃኬት ውስጥ ሆኖ አለመንፋትን ለአበሻ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከመካከላቸው ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የነፉ፣ ውኃው ሲሞላ ወደ ጣሪያ ተነስተው ጠልቀው መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። የተገለበጠ ሄሊኮፕተር ውስጥም ነገሩ ያው ነው። መጀመሪያ ውጣ፣ ከዚያ ንፋ።

ከወጡ በኋላ ደግሞ ብርዱ አለ። በፈረንጆቹ ብርድ ወራት ሰሜን ባሕር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቅዝቃዜው እንደነካህ ትንፋሽህ ካንተ ያመልጣል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ታግሰህ ትንፋሽህን መመለስ ነው። ጣት ቶሎ ይደነዝዛልና ጣት የሚፈልገውን ሥራ፣ ጓንቱንና የራስ መሸፈኛውን፣ ማስቀደም ይሻላል። ውኃ የማያስገባውን ቱታ ስትለብሱት አንገት ያንቃል፣ ያልባል፣ ዚፑን ዝቅ ማድረግ ያምራችኋል። ሲነሳና ሲያርፍ ዚፑ እስከ ላይ መዘጋት አለበት። ያልተዘጋ ቱታ ውኃ መቅጃ ነው።

የትንፋሹ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብናል። ነሐሴ 23 ቀን 2013 (ይህ በፈረንጅ ነው) 18 ሰዎች የጫነ ሱፐር ፑማ ሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ፣ ሰምበርግ ሊያርፍ ሲል ባሕር ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። አራት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ያኔ ተሳፋሪው የሚታጠቀው የመተንፈሻ ከረጢት የራሱ አየር ነበረው፤ ውኃ ውስጥ ከገቡ በኋላም ሊጠቅም ይችል ነበር። መርማሪዎቹ እንዳገኙት ከበረራ በፊት የሚታየው ቪዲዮ ይህን በቅጡ አላስረዳም። አየሩ ደረታቸው ላይ ነበር፣ ቪዲዮው ግን በቅጡ አልነገራቸውም! ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች በታመቀ አየር የሚሠራ መተንፈሻ ግድ አደረጉ፤ ትከሻም ይለካል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ሰፊ መስኮት አጠገብ ብቻ ይቀመጣል። አዲሱ መተንፈሻ የራሱ ሕግ አለው፦ ወደ ላይ ስትወጣ ትንፋሽ አይያዝም፣ ሳንባ ይጎዳልና እያስወጡ ነው የሚወጡት። እንግዲህ ዛሬ ያንን መሣሪያ ሲሰጡን “ስንት ጊዜ ያስተነፍሳል? እንዴት ይከፈታል?” ብለን እንጠይቃለን። ለመቶኛ ጊዜ ቢሆንም። ሰልፉ ውስጥ የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ ያጉረምርም።

ሁሉን ያድናል ብለን ግን ልጁን አልዋሸነውም። ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ኖርዌይ፣ ቱሮይ አጠገብ፣ የአንድ ሄሊኮፕተር ዋና መዘውር ካምቢዮው ውስጥ ባለ የብረት ድካም ምክንያት በአየር ላይ ተገንጥሎ 13ቱም ሰዎች ሞቱ። ለዚያ የሚሆን ልምምድ የለም፤ እሱ የመካኒኩና የፋብሪካው ዕዳ ነው። የተሳፋሪው ድርሻ ውኃው ላይ በሕይወት ከተደረሰ በኋላ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ናት።

ማታውን መጠጥ የለም፣ እንቅልፍ አለ። ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ። ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን መስኮቱን በእጃችን እንዳስሳለን፣ የሚላቀቀውን ጎማ በዓይናችን እንፈልጋለን፣ ቀበቶውን ሳናይ አንድ ጊዜ እንነካለን። ቪዲዮውን እናያለን። መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ጓዳችን ሄሊኮፕተሩ ሊያርፍ ሲል እንቅልፍ ከወሰደው፣ የፈለገውን ያህል ቢቆጣም እንቀሰቅሰዋለን፤ በዚያ መስኮት የሚወጣው እሱ ብቻ አይደለምና።