የክራንቻው ቦታ

ደባርቅ ውስጥ የማስተምራቸው ልጆች ሲስቁ ዐይኔ ወደ ክራንቻቸው ይሄዳል። አንዳንዱ የለውም፤ የአንዳንዱ ጠሟል። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪዬማ በሒጃቧ ጫፍ አፏን ሳትሸፍን አትስቅም።

የላይኛው ቋሚ ክራንቻ በአብዛኛው ከ11 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይወጣል። መንጋጋ ጠብቦት የሚጣመም ወይም መንገዱን ስቶ አጥንት ውስጥ የሚቀር በየትም አገር አለ። እኛ ዘንድ ግን የወተት ጥርስ ማስነቀል የሚሉት ነገር ይጨመርበታል። ሕፃን በ5 እና በ6 ወሩ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ያበጠ የመሰለው ድዱ ይወነጀላል፤ ወጌሻ በጋለ መርፌ ወይም በምላጭ ይፈለፍለዋል። የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ደግሞ እዚያው ሥር ነው፤ አብሮ ይጎዳል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ አይተዋል።

ተቅማጡስ? በዚያ ዕድሜ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። የሚያስፈልገው ጡት፣ ለምለምና ጤና ጣቢያ ነው። አያቶቻችን በክፋት አላደረጉትም፤ ልጁ በራሱ ጊዜ ሲሻለው ምስጋናው ለወጌሻው ሆነ እንጂ።

ትልልቆቹን 10 ዓመት ሲሞላቸው ከንፈራቸውን ገልጣችሁ ድዳቸውን በጣት ዳስሱ። የክራንቻው ጉብታ በአንድ ወገን ብቻ ከተገኘ ጎንደር ወስዳችሁ ራጅ አስነሡ።