ጾታ፦ ወ/ሴ

ዛሬ እንጅባራ አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ የተሰለፈው ሰው በሳቅ ሞቀ። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መዝጋቢው ከፊቱ የቆመውን ካፖርትና እስከ አፍንጫ የተጠቀለለ ፎጣ በግማሽ ዓይኑ አየና «ወ» ላይ ምልክት አደረገ። ካፖርቱ ውስጥ ያሉት እናት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰባት ወልጄ!» አሉት። «ይቅርታ እማማ» ብሎ ሰረዘና «ሴ» አደረገው፤ አለቀ።

ያለቀው ለእሳቸው ነው። መልኩና ኑሮው ፎርሙ ላይ ከሰፈረው ጾታ ጋር ለማይገጥም ትራንስጀንደር ኢትዮጵያዊ እስክሪብቶ አይበቃም፤ «ቀይሩልኝ» የሚልበት ሕግም የለም። ያለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ነው። እርግጥ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ነው። ግን መንገድ ላይ አንቀጽ እየለየ የሚፈርድ ማን አለ?

በ1999 ቆጠራ እንጅባራ ያለችበት አዊ ዞን 982,942 ሰው ነበረው፤ 491,865 ወንድ፣ 491,077 ሴት። ደምሩት፤ አንድም ሰው አይተርፍም።

ቆጠራ ከተነሳ ደግሞ ዝም ማለት ይከብዳል። ያው ቆጠራ የአማራ ክልልን ሕዝብ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን አሳንሶ ሲያመጣ የተነሳውን ክርክር ማን ይረሳል? በጀት ሲሰላ የሕዝብ ብዛት ይገባበታል፤ ከወረቀት የጎደለ ሰው ከክፍልና ከጤና ጣቢያም ይጎድላል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። አራተኛው ተራዘመ፣ በ2011 ፓርላማው ደግሞ አራዘመው። የ1999 ሕፃን ጢም አብቅሏል፤ መንግሥት ግን ዛሬም በግምት ያውቀዋል። «አልተቆጠርንም» የሚለው ቁጣ ለዚህ አገር ሰው ባዕድ አይደለም ለማለት ነው።

በዚያው በ2011፣ ነሐሴ ላይ፣ ኬንያ ቆጠረች። ከተወለዱ ጀምሮ አካላቸው ከሁለቱ በአንዱ ለማይመደብ ሰዎች ሦስተኛ ምርጫ አስገብታ 1,524 ሰው አገኘች። እነሱና ትራንስጀንደር አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም ፎርሙ ተከፈተ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሌላ» በሚለው ስር 487,803 ሰው መዘገበች። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ጾታ ማንነት ጠይቀው ሲወለዱ ከተመዘገበው ጾታ ጋር አይገጥምም ያሉ 262 ሺህ ያህል ሰዎች አገኙ፤ በኋላ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ «ጥያቄውን በትክክል ያልተረዱ ሳይኖሩ አይቀሩም» ብሎ የቁጥሩን ደረጃ ዝቅ አደረገ። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ያላግባባው ጥያቄ እንጅባራ ላይ በአማርኛና በአዊኛ፣ ያውም በር ላይ ጎረቤት ቆሞ እየሰማ፣ ሲጠየቅ አስቡት!

ቀልዱ ይቁም። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች «ግብረ ሰዶም ይፈጸማል» ብሎ ዘመቻ ሲጀምር ሕዝቡን ጥቆማ ጠይቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስምን በዝርዝር ላይ ማስፈር እንደ መብት ሳይሆን እንደ ጥቆማ ሊያገለግል ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ገና ቅርብ ነው፤ የሚፈራ ሰው በእሱ ተማምኖ በሩን አይከፍትም፣ ሊፈረድበትም አይገባም።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል መምጣቱ አይቀርም። በየትኛው ቆጠራ?