«ጉንፋን ነው» ያለችው አክስቴ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ የቸኮለ በኋላ ተመልሶ ያንብበው።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሰው አጭሩ መልሴ «አድራሻ አነባለሁ» የሚል ነው። ይስቃሉ። ግን እውነቴን ነው። የምሠራበት ላብራቶሪ የሚያጠናው ቫይረሶች ሽፋናቸው ላይ የሚሰኩት ፕሮቲን፣ ሴል ውስጥ ከተሠራ በኋላ ወዴት እንደሚላክ ነው። ቫይረስ የራሱ ፋብሪካ የለውም። እኛ ሴል ውስጥ ገብቶ በኛው መሣሪያ ያሠራል፣ በኛው መጓጓዣ ያስጭናል። ሴሉ ደግሞ ዕቃውን እንዲሁ በደፈናው አይልክም። ፕሮቲኑ ራሱ ላይ አንዲት ምልክት አለች፤ በሷ ተለይቶ ነው የሚሄደው። (ፕሮቲኖች አድራሻቸውን ራሳቸው ላይ ይዘው እንደሚጓዙ ያሳየው ጉንተር ብሎበል እ.ኤ.አ. በ1999 ኖቤል ተሸልሞበታል።)

እስቲ የአየር ቧንቧችንን አስቡት። ግድግዳውን የሸፈኑት ሴሎች ፊትና ጀርባ አላቸው። ፊታቸው አየሩ ወዳለበት ነው፤ ንፍጥና አክታ ያለበት፣ ስናስል ተጠራርጎ የሚወጣው። ጀርባቸው ወደ ሥጋውና ወደ ደሙ ነው። ታዲያ ቫይረሱ በየትኛው በኩል ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1978 ኤንሪኬ ሮድሪጌዝ ቡላን እና ዴቪድ ሳባቲኒ ኒውዮርክ ውስጥ ይህንኑ አዩ። የተጠቀሙት ከውሻ ኩላሊት የመጡ ሴሎችን ነው። ሴሎቹ በ1958 የተወሰዱት ከኮከር ስፓኒየል ነው፤ ዛሬም በየላብራቶሪው እየተራቡ ነው፣ እኛም ጋ አሉ። ኢንፍሉዌንዛ በፊት በኩል ብቻ ሲወጣ፣ የከብትና የፈረስን አፍ የሚያቆስለው ቬሲኩላር ስቶማታይቲስ የሚባለው ቫይረስ ደግሞ በጀርባና በጎን ወጣ። የሁለቱም ፕሮቲን የሚሠራው እዚያው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ነው፤ የሚያልፈውም በዚያው ጎልጂ ነው። መንገዳቸው የሚለየው ከጎልጂ ሲወጡ ነው። በ1991 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የኢንፍሉዌንዛውን ፕሮቲን ጭራ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ቀየሩ፤ ሲስቴይን የነበረችውን ታይሮሲን አደረጓት። ወደ ፊት ይሄድ የነበረው ፕሮቲን ወደ ጀርባ ሄደ። ከ500 በላይ ፊደል ካለው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ፊደል!

ታዲያ ምን ይጠበስ? ትሉ ይሆናል። ሴንዳይ የሚባል የአይጥ ቫይረስ አለ። ተፈጥሯዊው በፊት በኩል ስለሚወጣ ሳንባ ላይ ይቀራል። በሁለቱም በኩል የሚወጣ ልዋጭ ሲገኝ ግን የአይጧን ሌላውንም የሰውነት ክፍል አዳረሰ። የበሽታው መልክ የተወሰነው በሩ ላይ ነው ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ኩፍኝ ነው።

እኔ ከመወለዴ በፊት እህት ነበረችኝ። በ1977 ዓ.ም. ሞተች፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት። ፎቶ የላትም። የክትባት ፕሮግራም አገራችን ውስጥ ከተጀመረ ያኔ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኛ ሰፈር አልደረሰም ነበር። እንዴት እንደሞተች እማዬ የነገረችኝ አምና ለፋሲካ ነው። እናም አክስቴ እኛ ቤት ለምን እንደማትመጣ ያኔ ገባኝ።

አክስቴ የእማዬ ታናሽ ናት። ሴት ልጇ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ደግሳ ነበር። እማዬ ልጇን አዝላ ሄደች። የአክስቴ ትልቁ ልጅ አፍንጫው ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ቀላ ብሏል፣ ያስላል። እማዬ ስትጠይቅ አክስቴ «ጉንፋን ነው» አለቻት። ልጆቹ አብረው ሲጫወቱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ላይ ሽፍታ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኛዋም ላይ ወጣ። ልጁ ዳነ፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። የኛዋ አልዳነችም።

«ድግሷ እንዳይበላሽባት ደብቃኝ ነው» አለች እማዬ። አርባ ዓመት! ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

አሁን ኩፍኝ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ከአየር ጋር ሲገባ መጀመሪያ የሚይዘው የቧንቧውን ግድግዳ አይደለም፤ እዚያ አካባቢ የሚዘዋወሩትን የመከላከያ ሴሎች ነው። በነሱ ታዝሎ ወደ ንፍፊት ይሄዳል፣ ለቀናት ይራባል። ከዚያ ወደ አየር ቧንቧው ይመለሳል፤ በጀርባ በኩል። የሚገባበት ቁልፍ ኔክቲን 4 ይባላል፣ ያለውም በሴሎቹ ጎንና ጀርባ ነው። ይህን ሁለት ቡድኖች በ2011 ደረሱበት። የቫይረሱ ሁለት የሽፋን ፕሮቲኖችም ጭራቸው ላይ ያቺ ታይሮሲን ስላለች ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ይላካሉ፤ እዚያም ጎረቤት ሴልን ከሴል ያጣብቃሉ፣ ቫይረሱ ከቤት ቤት ይሻገራል። ማትሪክስ የሚባለው ሌላው ፕሮቲኑ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ወደ ፊት ይስበዋል። በጓሮ የገባው በፊት ለፊት በር ይወጣል፤ ከዚያ ሳል ነው። በ2008 በወጣ ጥናት የግድግዳውን ቁልፍ እንዳያውቅ የተደረገ የኩፍኝ ቫይረስ ዝንጀሮዎችን ቢያሳምምም ወደ አየር ቧንቧቸው ግን አልወጣም።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ሽፍታው የሚወጣው ሰውነት ቆዳ ላይ የደረሰውን ቫይረስ መዋጋት ሲጀምር ነው። የፊት ለፊቱ በር ግን የተከፈተው ቀደም ብሎ ነው። በኩፍኝ የተያዘ ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል፤ ከክፍሉ ወጥቶ እንኳ አየሩ ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። በነዚያ ቀናት የሚታየው ትኩሳት፣ ንፍጥ፣ ሳል፣ የቀላ ዓይን ነው። ሐኪምም ቢያየው ጉንፋን ሊለው ይችላል። አክስቴ ምን ልትደብቅ ትችል ነበር?

እሑድ ደውዬ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ታይሮሲኑን ተውኩት፤ ጓሮውንና የፊቱን በር፣ አራቱን ቀን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስለ ሥራዬ ይህን ያህል ሰምታኝ አታውቅም።

«ሦስት ቀን ነበር» አለች። «ሽፍታው የወጣበት ከክርስትናው በሦስተኛው ቀን ነው።»

«አዎ እማዬ።»

«እና ያኔ ጉንፋን ነው ስትለኝ...» አለችና አልጨረሰችውም። ቁሌቱ ሊያርብኝ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው።