ላምፔዱዛ፣ መስከረም 23

ላምፔዱዛ በካርታ የጣሊያን ናት፤ በባሕር ግን ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዚያ ትቀርባለች። ዛፍ የማይበረክትባት፣ ነፋስ የማያርፍባት ጠፍጣፋ ደሴት። ቱሪስቶች ለመዋኘት ይመጣሉ። እኔን ያመጣኝ የመስከረም 23 መታሰቢያ ነው።

በ2006 ዓ.ም. በዚያ ቀን ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሊቢያ ሚስራታ የተነሣ ጀልባ ለዳርቻው ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ ቆመ። ድረሱልን ለማለት ብርድ ልብስ አቀጣጠሉ። እሳቱን የፈራ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ጀልባው ተገለበጠ። 368 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። 155 ተረፉ። ቪቶ ፊዮሪኖ የተባለው የደሴቲቱ ነዋሪ ከወዳጆቹ ጋር በጀልባው ላይ አድሮ ነበር፤ ጩኸቱን መጀመሪያ የባሕር ወፍ ጩኸት መስሏቸው ነበር። ናፍጣ የጠጣ ገላ ከእጅ እየተሙለጨለጨባቸው 47 ነፍስ አወጡ።

ከዚያ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መንግሥት ለሟቾቹ ዜግነት እሰጣለሁ አለ፤ በተረፉት ላይ ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ ገብታችኋል ተብሎ ምርመራ ተከፈተ። ከአደጋው ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እዚሁ መጥተው፣ በጀልባ ላይ በተሠራ መንበር ቀድሰው፣ ስለ ግዴለሽነታችን ይቅርታ ለምነው ነበር። ጸሎቱ ደረሰ፤ ሕጉ ግን አልተነካም።

አበባ ወደ ባሕሩ ሲጣል አጠገቤ የቆመችው ነጠላ የለበሰች ሴት በአማርኛ አናገረችኝ። አዲስ አበባ ያደገች ኤርትራዊት ናት፤ ወንድሟ እዚህ ቀርቷል።

“እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ” አልኳት።

“አሜን። ሰው ሁሉ ባሕር በላው ይለኛል” አለች። “ባሕሩማ ምን አደረገ? ቪዛ ቢያገኝ ኖሮ በአውሮፕላን ይመጣ ነበር እኮ፣ ወንድሜ።”

ይህን ከእሷ በፊት የተረዱ ክርስቲያኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የካቶሊክ ምእመናን ስብስብ የሆነው የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር፣ የጣሊያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረትና የዋልደንሳውያን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ጋር ተፈራረሙ። ተጋላጭ ስደተኞች በሰብአዊ ቪዛ በአውሮፕላን እንዲገቡ መንግሥት ፈቀደ፤ ወጪውን፣ ማረፊያውንና ቋንቋ ማስተማሩን አብያተ ክርስቲያናቱ ተሸከሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳንት ኤጂዲዮ ከጣሊያን ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ጋር በኢትዮጵያ ለተጠለሉ 500 ስደተኞች ተመሳሳይ ስምምነት ፈረመ። ከቦሌ ተነሥተው ሮም በሰላም ገቡ። ከሚስራታው ጀልባ ጋር አስተያዩት። በጀልባው የነበሩትም ከጦርነትና ከጭቆና የሸሹ ናቸው፤ የተለየው በር ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፊርማና በማኅተም ሲፈጸም ያየሁበት ሥራ ይህ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ለሟቾች ፍትሐት ማድረሳችሁን አትተዉ። ግን አንድ ቤት ተከራዩ፣ አስተርጓሚ መድቡ፣ ከዚያም ወደየመንግሥታችሁ ቀርባችሁ አንድ ቤተሰብ በሕግ እንቀበል በሉ። መንገዱን የጣሊያን አብያተ ክርስቲያናት አሳይተዋል፤ ጠይቋቸው።